ስስ አየር

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚያመጣው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽን ተሻግሮ፣ ዴራንና ኢተያን አልፎ፣ በቁሉምሳ የስንዴ ማሳዎች መካከል ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ መንገደኛው ከፍታውን በዓይኑ እምብዛም አይለየውም። ጆሮው ይደፈናል፤ ሹራቡን ይደርባል፤ ምልክቱ ይኸው ብቻ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አሰላ 2400ን አልፋለች። ከኋላዋ ደግሞ ጭላሎ ከ4000 ሜትር በላይ ተገትሯል። በዚህ አየር ውስጥ ተወልደን ያደግን ሰዎች የአየሩን መሳሳት የምንሰማው ከእንግዳ አፍ ነው። እንግዳው ደረጃ ወጥቶ ያለከልካል፤ እኛም ፈገግ እንላለን።

እኔ ስለዚህ አየር በቅጡ ያሰብሁት በ2005 ዓ.ም. ነበር። ያሳሰቡኝም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዲት የፎም አውሮፕላንና የአባቴ ደረት።

አውሮፕላኗን ለእህቴ ልጅ ያመጣለት ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችን ነው። ልጁ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ አሰላ ስለነበር ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። አውሮፕላኗ በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ ካሜራም ሆነ ሌላ ጌጥ የሌላት፣ ክብደቷ 1200 ግራም የሆነ የመለማመጃ አውሮፕላን ነበረች። አፍንጫዋ ላይ ከእንቁላል የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፤ ሞተሩ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ፕሮፔለር ያሽከረክራል፤ ሆዷ ውስጥ ባለ ሦስት ሴል የሊቲየም ባትሪ ተቀምጧል። አብሮ የመጣው መመሪያ በሥዕል እንዳሳየው ከሆነ፣ ከእጅ ተወርውራ እንደ ጭልፊት ሽቅብ መነሣት ነበረባት።

አልተነሣችም። ታኅሣሥ ነበር፤ ስንዴው ታጭዶ ማሳው ገለባ ብቻ ሆኗል። ልጁ የጋዙን ዘንግ እስከ መጨረሻው ገፍቶ፣ እኔ ወረወርኋት። ሞተሩ ጮኸ፤ አውሮፕላኗ ግን ከምድር ሁለት ሜትር ከፍ ብላ፣ ከዚያም በላይ መውጣት ተስኗት፣ ማሳውን እስከ ዳር በዝቅታ ተጉዛ ገለባው ላይ ተቀመጠች። ደግመን ሞከርን። ያው ነው። ልጁ አላለቀሰም፤ ግን ፊቱን ከእኔ አዙሮ ክንፏን ሲፈትሽ ብዙ ቆየ።

አባቴ ከማሳው ዳር በወንበር ተቀምጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያየን ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ከቤት እስከ ማሳው ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ቆሞ ነው የመጣት።

ስለ አባቴ ጥቂት ልበል። ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ተዋውለው እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ያስጀመሩት፣ ሰው ሁሉ ‹‹ካዱ›› እያለ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ወደ አሰላ ሲመጣ እርሱ ገና ጎረምሳ ነበር። ከካዱ ጋር ማዳበሪያው፣ የተሻሻለው የስንዴ ዘር፣ የወተት ላሙ መጣ፤ ትራክተርና ኮምባይነርም በአርሲ በዙ። (የመሬት ባለቤቶቹ ትራክተር በገዙ ቁጥር ጭሰኛው ከማሳው ይነሣ እንደነበርም መዘንጋት የለበትም፤ ያ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።) አባቴ መፍቻ በማቀበል ጀምሮ መካኒክ ሆነ። ዕድሜውን የፈጀውም አንድን ጥያቄ ሲመልስ ነው ማለት ይቻላል፤ እዚያ ቆላው ላይ ደኅና የነበረ ትራክተር እዚህ ደጋው ላይ ለምን ይደክማል?

መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር አየር እየሳበ ነው የሚኖረው። በአሰላ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ሆኖ ሳለ ፓምፑ ግን የለመደውን ናፍጣ ይግተዋል፤ የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አባቴ የሚያደርገው ፓምፑን ገታ አድርጎ የናፍጣውን መጠን ከአየሩ ጋር ማስታረቅ ነበር። ጉልበቱ አይመለስም፤ ጭሱ ግን ይጠራል። ‹‹የደጋ ሞተር በልኩ መብላት አለበት›› ይል ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት ወንበሩ ላይ ሆኖ የአውሮፕላኗን ድምፅ አዳመጠና ጠራን። ልጁ ሞተሩ ደካማ ስለሆነ ሌላ ትልቅ ሞተር እንዲላክለት እያሰበ ነበር። አባቴ ሞተሩን በጣቱ አሽከረከረው፤ ሲሊንደር ፈለገ፤ ካርቡሬተር ፈለገ፤ የለም። ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ብቻ።

‹‹ይኼ አየር አይስብም›› አለ።

‹‹አይስብም አባባ›› አለው ልጁ።

‹‹እንግዲያ ሞተሩ አልታመመም። እኛ የምናውቀው ኤንጂን እዚህ ሲመጣ የሚታፈነው ደረቱ ነው። ይኼኛው ደረት የለውም። የላላው እጁ ነው፤ አየሩን አልጨበጠም።››

ስለ ኤሌክትሪክ አውሮፕላን ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ ማለት አልችልም፤ ከዚያ በኋላ ያነበብሁት ሁሉ ግን ያንን ንግግር በቁጥር የሚያብራራ ሆኖ ነው ያገኘሁት። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አያደክመውም። ከባትሪው የሚቀበለው ቮልት ምን ያህል መሽከርከር እንዳለበት ይነግረዋል፤ የእኛው በአንድ ቮልት 900 ዙር በደቂቃ የሚል ነበር። የሚጎትተው አምፔር ግን በፕሮፔለሩ ላይ ባለው ሸክም ይወሰናል። አየሩ ስስ ሲሆን ፕሮፔለሩ ቅቤ የወጣለት አሬራ እንደሚንጥ ሰው ያለ ተቃውሞ ይሽከረከራል፤ ሞተሩ ሸክም ስላልተሰማው ብዙ አምፔር አይጠይቅም፤ ስለዚህም ያለውን ጉልበት አይሰጥም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የሚገፋው ነገር ስላላገኘ ነው። ጩኸቱ የጥንካሬ ይመስለን ነበር። ባዶ ጩኸት ኖሯል።

በዚያ ላይ ስስ አየር ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከባሕር ዳሩ በ12 ከመቶ ገደማ መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ጨምሮ ሳለ የሚገኘው ግፊት ቀንሶ ይጠብቀዋል። ይህ ዕዳ የአሻንጉሊት ብቻ አይደለም። ከ2300 ሜትር በላይ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 3800 ሜትር የሚደርስ ማኮብኮቢያ አለው፤ እንዲያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚከብደው ለረጅም ዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነው የተጓዘው። ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ምድር ስለሚነሣ ሳያርፍ ይመጣል። ሯጮቻችንም ቢሆኑ በዚህ አየር ሳንባቸውን አሠልጥነው፣ ሰዓት የሚሰብሩት ወርደው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የማራቶኑን 2:03:59 እ.ኤ.አ. በ2008 የሮጠው በርሊን ላይ እንጂ በተወለደበት በአሰላ ዙሪያ አይደለም።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በባትሪውና በፍጥነት መቆጣጠሪያው መካከል የሚሰካ፣ ቮልቱንና አምፔሩን አባዝቶ ዋቱን የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ከአዲስ አበባ አገኘን። ይህ መለኪያ እጃችን ከገባ በኋላ ክርክር ቀረ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ንባብ 17 አምፔር፣ 185 ዋት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቷ የመለማመጃ አውሮፕላን በኪሎ ከ200 ዋት በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የእኛዋ 154 ብቻ ነበራት።

አባቴ አንድም ነገር ሳይጨምር በፊት የሚፈሰውን እንድንደፍን አዘዘ። የባትሪው ሽቦ ያለ አግባብ ረዝሞ ነበር፤ አሳጠርነው። አንደኛው መጋጠሚያ ብየዳው ደርቆ ስለነበር በሥራ ጊዜ ይሞቅ ነበር፤ አባቴ እንደገና በየደው። ሽቦና መጋጠሚያ የሚያሞቁበት ዋት ፕሮፔለሩ ጋ አይደርስም። ጎማዎቿን ከነእግሮቿ ነቀልናቸው፤ ገለባ ላይ ጎማ ምን ይሠራል? ክብደቷ ወደ 1080 ግራም ወረደ። ከዚህ በላይ ርካሽ ጉልበት የለም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አየሩ የተሻለ የሚጠቀጥቀው በማለዳው ብርድ ነው፤ ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ ብርድ ሲነካው ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር ጉልበት በተጠየቀ ጊዜ ቮልቱ ይዘቅጣል። አባቴ ባትሪውን ተቀብሎ ጋቢው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ባትሪ ማሞቅ የእርሱ ሥራ ሆነ። (ያበጠ ባትሪ ቢሆን አልፈቅድለትም ነበር፤ ያበጠ የሊቲየም ባትሪ የሚጣል እንጂ የሚታቀፍ አይደለም።)

ዋናው ግን እጁን ማጥበቅ ነው። መንገዱ ሁለት ነበር። አንዱ ባለ አራት ሴል ባትሪ ማድረግ ነው፤ ቮልቱ በሲሶ ይጨምራል፤ ዙሩ ይጨምራል፤ ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ኃይል ደግሞ በዙሩ ኩብ ስለሚያድግ ሁለት እጥፍን አልፎ ይሄዳል። መቆጣጠሪያችን 30 አምፔር ብቻ የሚችል ስለነበር በዚህ መንገድ አፋፍ ላይ መቆም ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ባትሪው አልነበረንም፤ በአውሮፕላን ማስመጣቱም ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ፕሮፔለሩን ማስረዘም ነው። ርዝመቱ በአንድ አሥረኛ ቢጨምር፣ ዙሩ ሳይቀንስ ቢቀር፣ የሚጠይቀው ኃይል በ60 ከመቶ ገደማ ያድጋል። ረጅም ፕሮፔለር ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፋ ለቀርፋፋ አውሮፕላን ይበልጥ ይስማማል። የመጨመሪያው ገደብ አንድ ነው፤ ሙቀት።

28 ሳንቲ ሜትር ፕሮፔለር በአሰላ ገበያ አይሸጥም። አባቴ ሠራው። ከፈረሰው አሮጌ ጓዳችን የተረፈ፣ ደርቆ ደርቆ እንደ ብረት የሚደወል የዘግባ ማገር ነበረ። ከእርሱ አንድ ቁራጭ ቆረጠ፤ የፕላስቲኩን ፕሮፔለር ጠማማነት በካርቶን ላይ እየቀዳ በሞረድ ሞረደው፤ በጠርሙስ ስባሪ ላገው። አሥር ጊዜ ይሞርዳል፤ ያርፋል፤ ትንፋሹን ያሰባስባል፤ ደግሞ ይሞርዳል። እጁ ከዱሮው አንዳች አልጎደለበትም። ከዚያም በመሐል ቀዳዳው መርፌ አሳልፎ፣ በሁለት ብርጭቆዎች አፍ ላይ አንጋሎ ሚዛኑን ጠበቀ። ከባዱ ጫፍ ወደ ታች ሲያዘነብል ያን ጫፍ ጥቂት ይፍቀዋል። እንዲህ እያለ በየትኛውም በኩል ሲያቆሙት የማይንቀሳቀስ ሆነ። ሚዛኑን የሳተ ፕሮፔለር ሞተሩን እየናጠ ያላላዋል፤ የእንጨቱ ከሆነ ደግሞ ሊሰበር ይችላልና፣ ስናስነሣው ሁላችንም ከኋላ ነው የቆምነው።

መለኪያው 24 አምፔር፣ 254 ዋት አነበበ። በኪሎ 235 መሆኑ ነው። ድምፁ ጮክ ማለቱ ቀርቶ ወፈረ። ጥር ላይ ወረወርኋት፤ ከእጄ ስትወጣ ገና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ነበር። ባትሪው ቀድሞ በሙሉ ጋዝ ሰባት ደቂቃ ያህል ይቆይ የነበረው ወደ አምስት ወረደ፤ ጉልበቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ ከሌላ ከየትም አልመጣም።

በዚያው ወር ነው አባቴን አዲስ አበባ ወስጄ ያስመረመርሁት። ሐኪሙ ሳንባውንም ልቡንም አየ። መድኃኒቱን ጻፈለትና ‹‹አባባ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ዘመድ የለዎትም?›› ሲል ጠየቀው። እህቴ አዳማ ነበረች። ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ በአሰላ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም ያልሆነው ጉድለት ለደከመ ሳንባ ትልቅ ነገር ነው። ወደ አዳማ መውረዱ ጉድለቱን ሁሉ ባይሞላ ጥቂቱን ይሞላል።

አባቴ እምቢ አለ። አሰላን ለቅቆ የት ይሂድ? ጭላሎን ሳያይ እንዴት ይንጋለት? ሙቀት አይወድም፤ ትንኝ አይወድም። እኔ ደግሞ የአውሮፕላኑ ትምህርት ገና ትኩስ ነበረና በቁጥር ልረታው ተነሣሁ። ይህን ያህል ከመቶ ትንፋሽ ትጨምራለህ፤ ሌሊቱን ተጋድመህ ታድራለህ፤ አልሁት። ያን ሰሞን ሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው።

‹‹እኔን በዋት አትለካኝ›› አለ።

ከዚያ በኋላ ምን ማለት እንደነበረብኝ ዛሬም አላውቅም። ዝም አልሁ። ያግባባው እኔ ሳልሆን ልጁ ነው፤ ለዚያውም ስለ ሕመም አንድም ቃል ሳይናገር። በትምህርት ቤቱ ዕረፍት ጊዜ ወደ እናቱ መሄዱ ስለነበር፣ ‹‹አባባ፣ አዳማ ላይ ፕሮፔለሩ ምን ይል ይሆን?›› አለው። አባቴ ወዲያው አልመለሰም። ማታ ግን፣ ራት ላይ፣ አየሩ እዚያ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን እንደሚያከብድበት፣ ይህን ሳያዩ ማስነሣት ሞተሩን ማቃጠል መሆኑን ተናገረ። ‹‹ሰው ያስፈልገዋል›› አለ።

የካቲት ላይ ለሁለት ሳምንት ብሎ ወረደ። ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ፤ ከዚያም አሰላ የሚመጣው ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው ሌሊት በአንድ ትራስ እንደተኛ እህቴ በስልክ ነገረችኝ። ሙቀቱን ግን እስከ መጨረሻው አልወደደውም። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ያማትራል ትለኝ ነበር።

ልጠይቃቸው የወረድሁ ዕለት አውሮፕላኗን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ይዘናት ወጣን። አባቴ እንዳለው ሆነ። የዘግባው ፕሮፔለር በአሰላ 24 ይል የነበረውን 26 አምፔር አለ። ልዩነቱ ከዚህም በበለጠ ነበር፤ የአዳማ ሙቀት የአየሩን ጥቅጥቅታ ከፊሉን መልሶ ስለሚወስደው ነው። ገደቡ 30 ነውና ገና ነው ያሰኛል። ይሁንና ያው ሙቀት ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን እንደ ደጋው ንፋስ አያበርድላቸውም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ አሳረፍናት። አባቴ ጣቱን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ለመቁጠር ጀመረና ሦስት ሳይደርስ አነሣው። የመዳቡ ቫርኒሽ መሽተት ጀምሯል።

‹‹አሁን ደግሞ ከአቅሙ በላይ ጨበጠ›› አለ።

ቤት ስንደርስ ፕሮፔለሩን አስፈታ። ከየጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለክቶ በመጋዝ ቆረጠ፤ ጫፎቹን በሞረድ አቀጠነ። ከዚያ መርፌውን አሳለፈበት፤ ሁለት ብርጭቆ አስመጣ። አንዱ ጫፍ ቀስ ብሎ ወረደ፤ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፤ እንደገና አስቀመጠው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ጊዜ እንኳ ለማረፍ እንዳላቆመ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ልጁ ፕሮፔለሩን መልሶ ገጠመ፤ መለኪያውን ሰካ፤ ሁላችንም ከኋላ ቆምን፤ ጋዙን ገፋ።

‹‹ስንት አለ?››

‹‹ሃያ ሦስት፣ አባባ።››

‹‹ይበቃዋል›› አለና፣ የተቆረጠው ጫፍ እርጥበት እንዳይገባበት ቫርኒሽ እንዲገዛለት ልጁን ወደ ሱቅ ላከው።